ከጎን ያለው ፍሬን

ለውድ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ወገብህ እንዴት ሆነ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ትንሿን ልጅህን ሳሉ ለቀቃት? እኔ በጣም ደኅና ነኝ። ደብዳቤ ላይ እንደሚባለው «ከናፍቆትህ በቀር» ብዬ ልጨምርበት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ከቤት የወጣሁት ተቆጥቼብህ ስለሆነ እስካሁን አልናፈቅከኝም። ናፍቆቱ ሲመጣ እጽፍልሃለሁ።

ስልክ ለምን አላነሣሽም ብለህ እንደተቀየምክ አውቃለሁ። በስልክ አንተ ትናገራለህ፣ እኔ «እሺ ልጄ» እላለሁ፤ ከዘጋሁት በኋላ ነው እሺ ማለት ያልነበረብኝ ትዝ የሚለኝ። በደብዳቤ ግን መሃል ገብተህ አታቋርጠኝም። ስለዚህ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብብ። ጥያቄ ካለህ ትምህርቱ ሲያልቅ ትጠይቃለህ።

መጀመሪያ የምታውቀውን ልጻፍልህ። ቅዳሜ ጠዋት የመኪናዋን ገዢ ይዘህ ስትመጣ በሩ ተቆልፏል፣ መኪናዋም የለችም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ከአክስትህ ጋር እንደወጣሁና ተራራውንና ባሕሩን አይተን እንደምንመለስ ነገረችህ። «እስከ ባሕር ድረስ? በዚያች መኪና?» ብለህ ደጋግመህ እንደጠየቅካትም ሰምቻለሁ። አዎ፣ በዚያች መኪና። ማንም አልሰረቃትም፤ የራሴን ንብረት ነው ይዤ የሄድኩት። ገዢውን ይቅርታ ጠይቅልኝ። ካልፈለግህም ተወው፤ የጠራኸው አንተ ነህ።

እንድትሸጥ የፈለግህበትን ምክንያት አልረሳሁም። እናንተ ሳሎን ሶፋው ላይ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ሳለ ነው የነገርከኝ። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ ለታመመ ሰው እንደሚናገሩት፣ «እማዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ? አንቺ መኪና ነድተሽ አታውቂም። አባዬ ነው ከጎንሽ ሆኖ ሲነዳልሽ የኖረው» አልከኝ። ሻዩን አስቀምጬ ዝም አልኩ። የተናደድኩ መስሎህ ነበር። የተናደድኩትስ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ዝም ያልኩት ስላመንኩህ ነው።

ለምን እንዳመንኩህም ላስረዳ። አባትህ ዕድሜውን ሙሉ ሰው መንዳት ሲያስተምር ኖረ። መኪናዋም የማሠልጠኛው ነበረች፤ እንደ ማሠልጠኛ መኪና ሁሉ በአስተማሪው ወንበር በኩል ሁለተኛ የፍሬን ፔዳል አላት። ለማጁ ሲደነግጥ አስተማሪው ከጎኑ ሆኖ ይይዝለታል። እኔም የተማርኩት በእሷው ላይ ነው። አባትህ ጡረታ ሲወጣ ገዛትና ወደ ቤት አመጣት። ከዚያ ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ መሪውን ለእኔ ለቀቀና ከጎኔ ተቀመጠ። ኩርባ ባየ ቁጥር «ፍሬን» ይልና ያንን ፔዳል ይረግጣል፤ መኪናዋም ፍጥነቷን ትቀንሳለች። ገበያ ስንሄድ ይረግጣል። ልጆችህን ትምህርት ቤት ስናደርስ ይረግጣል። ለመጨረሻ ጊዜ ሆስፒታል ስወስደው እንኳ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይረግጥ ነበር። አንተም ከኋላ ወንበር ሆነህ አይተኸዋል። ስለዚህ የተናገርከው ከሜዳ ያነሣኸው ነገር አልነበረም።

ግን አንድ ነገር ረስተሃል። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ ባሕርን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አስተምሬ ባሕር አይቼ አላውቅም። ሰማያዊ ጠመኔ በሳጥኑ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ፍሬ ብቻ ስለነበረች ሰሌዳው ላይ ዳርቻውን ቀብቼ ሳልጨርስ ታልቅብኛለች፤ የኔ ተማሪዎች ባሕር ሲባል ግማሹ ጥቁር ነው ብለው ሳያድጉ አይቀርም። አባትህ «ጡረታ ስትወጪ እወስድሻለሁ» ይለኝ ነበር። እኔ ጡረታ ስወጣ እሱ መንዳት አቁሞ ነበር። አሁን ደግሞ መኪናዋም ልትሄድ ነው። ከሶፋህ ተነሥቼ ቤቴ ገባሁ፣ ሻንጣዬን አወረድኩ። ዓርብ ከሰዓት አክስትህ ደጃፍ ነበርኩ።

አክስትህ «የት ነው የምንሄደው?» እንኳ አላለችኝም። ለምጥ ስትጠራ ይዛት የምትወጣው ቦርሳ ዛሬም ተዘጋጅታ በሩ ሥር ናት፤ እሷን አንሥታ ገባች። አዋላጅ ሰው «የት» አይልም። ከተማውን ከወጣን በኋላ ነው ባሕር ድረስ መሆኑን የነገርኳት። «ጥሩ ነው» አለችና እግሯን ወደ ጎኑ ፔዳል አስጠጋች። «ወንድሜ ይረግጠው የነበረው ይህን ነው አይደል? አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» አለችኝ። ታውቃለህ፣ አባትህ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ከሷ የሚደብቀው ነገር አልነበረውም። እኔም ደስ አለኝ። የሰው እግር ከጎኔ አገኘሁ ብዬ።

ሜዳውን በሰላም ጨረስነው። ከመኪናዋ ኋላ «ለማጅ» የሚለው ጽሑፍ ከተላጠ ዘመን ቢሆነውም ጥላው አሁንም ይነበባል፤ እሱን እያየ አላፊ አግዳሚው ይስቅብናል። ነዳጅ ስንቀዳ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «እናቶቼ፣ አስተማሪው የት ወረደ?» አለን። «አስተማሪዋ እኔ ነኝ፤ ሸሚዝህን ቆልፍ» አልኩት። ቆለፈ። አክስትህ እስከ ተራራው ሥር ድረስ ሳቀች።

ተራራው ሌላ ነገር ነው። ሰሌዳ ላይ ስሥለው ሦስት ማዕዘን አድርጌ፣ ጫፉን ነጭ ቀብቼ ነበር። ውስጡ ሲገቡ ግን ጫፍ የሚባል ነገር አይታይም። ከአፍንጫህ ሥር ግራጫ ድንጋይ አለ፣ ከሱ ማዶ አየር አለ፣ ከአየሩ ማዶ ሌላ ድንጋይ ይነሣል፤ በመካከሉ መንገዱ እንደ ተጣለ ክር ይጠማዘዛል። አንዳንዱ ቦታ የድንጋዩ ንብርብር እንደ ታጠፈ ብርድ ልብስ ጎብጦ ይታያል፤ «መሬት ታጠፈች» ብዬ ለስንቱ ልጅ ያስተማርኩትን በዓይኔ አየሁት። ቆሜ በእጄ ዳሰስኩት። አክስትህ ግን ለድንጋይ ግድ የላትም። መኪናዋ ዳገቱ ላይ ማቃሰት ስትጀምር ዳሽቦርዱን እየደባበሰች «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ተንፍሺ፤ አሁን ግፊ፣ ግፊ» ትላታለች። ጫፉ ላይ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋሁ። እሷም ግንባሯን ጠርጋ «ሴት ናት» አለች።

እዚያ ከላይ ምንጣፍ የሚሠሩ ሰዎች መንደር አለ፤ እንግዳ ከቤታቸው ያሳድራሉ። ሁለት ቀን ቆየን። ያሳደረችን ባለሙያ ማጉን የምታቀልመው ከቅጠልና ከልጥ በምታፈላው ውኃ ነው፤ ቡናማውን ብቻ ስንት ዓይነት አድርጋ እንደምታወጣው አሳየችኝና አንድ በአንድ አስጻፍኳት። አክስትህን ደግሞ ከመሸመኛው ፊት አስቀመጠቻት። ማጉን የሚያጠብቁት እንደ ማበጠሪያ ባለ የእንጨት መምቻ ነው። አክስትህ በሙሉ ጉልበቷ ስትወርድበት ሴትየዋ እጇን ያዘችና «እመቤቴ፣ ምንጣፍ ነው እኮ፣ እባብ አይደለም» አለቻት። ይህን ልብ በልልኝ፤ አክስትህ አንድን ነገር ስትመታ እንዴት እንደምትመታ ማወቅህ ለሚቀጥለው ይጠቅምሃል።

ቁልቁለቱን የጀመርነው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነበርኩ፣ ፍጥነቴም ልክ ነበር። አንዱን ኩርባ ታጥፌ ስወጣ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተንዶ ተከምሯል። በግራ ገደል ነው፣ በቀኝ ግድግዳ ነው። አክስትህ በሁለት እግሯ ያን ፔዳል ወረደችበት፤ ከሥር አንድ ነገር ቋ አለ። መኪናዋ ጎማዋ እየጮኸ ሄዳ ሄዳ ቆመች። ከፊታችን ያለውን ድንጋይ በመስኮት እጄን ዘርግቼ ልነካው ምንም አልቀረኝም።

ሞተሩን አጠፋሁ። ከዚያ አክስትህ «እኔ ባልኖር አልቆልን ነበር» አለች።

እኔም አመንኳት። እግሬ ፍሬኑ ላይ ነበረ፣ እስከ ወለሉ ተጭኜዋለሁ፤ መቼ እንደረገጥኩት ግን አላስታውስም ነበር። የጎኑ ፔዳል ወለሉ ላይ ተልፈስፍሶ ቀረ፤ ሲያነሡት ይወድቃል። ሁለቱ ፔዳሎች በሽቦ ገመድ የተያያዙ እንደሆኑ ከአባትህ ስለተማርኩ፣ ያኛው ከተሰበረ የኔውም ሊከተል ይችላል ብዬ ፈራሁ። ሰዎች ድንጋዩን ከጠረጉልን በኋላ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ፣ መብራቴን እያበራሁና እያጠፋሁ፣ የእጅ ፍሬኑን እንደያዝኩ መውረድ ጀመርኩ። ከኋላዬ ሌላ መኪና እንዳይቸኩልብኝ አንድ የጭነት መኪና ተጠግቶ መንገዱን እንደዘጋ ተከተለኝ። ታች ስንደርስ ነው ያወቅኩት፤ ያ ሾፌር ነበር። ሸሚዙ እንደተቆለፈ ነው።

ከተራራው ግርጌ ያለችው ከተማ ውስጥ ከአንድ ጋራዥ በላይ ክፍል ተከራየን። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የብረት አልጋ ላይ ተቀምጬ ከታች የሚደበደብ ቆርቆሮ እየሰማሁ ቆየሁ። አንተ ልክ ነህ አልኩ። እውነት ነው፣ እኔ መሪ ያዥ እንጂ ሾፌር አይደለሁም። አንድ ጊዜ በባሌ እግር፣ ቀጥሎ በባሌ እህት እግር። ስልኬን አንሥቼ ደወልኩልህ። ሰው ላክና መኪናዋን ይውሰድ፣ ገዢውንም መልሰህ ጥራው ልልህ ነበር። ስልክህ ተይዟል። ሁለተኛም ደወልኩ፤ ተይዟል። እንደ ልማድህ ባትሆንና ያን ጊዜ ብታነሣው ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።

በማግስቱ ጠዋት መካኒኩ መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ከሥሯ ገባ። አክስትህ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ነበር። መካኒኩ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ሬዲዮውን ሳይዘጋ አይናገርም። ከሥር ሆኖ ሬዲዮው እንዲዘጋለት ጮኸ፤ ቀጥሎም «እናቴ፣ የጎኑን ፍሬን የረገጠው ማነው?» አለኝ።

«የባሌ እህት ናት» አልኩት።

«እንግዲህ በከንቱ ደክመዋል። ይህ ፔዳል ከምንም ጋር አልተገናኘም።»

ሰብራዋለች፣ ትላንት ተበጥሶ ይሆናል አልኩት። አይደለም አለኝ። ትላንት የተሰበረው ፔዳሉን ወደ ላይ የሚመልሰው ሞላ ብቻ ነው፤ ገመዱ ግን አልተበጠሰም፣ ተፈትቷል። እንድመጣና እንዳየው ነገረኝ። ካርቶን አነጠፈልኝ፣ ተንበረከኩ፣ በባትሪ አበራልኝ።

የገመዱ ጫፍ በሥርዓት ተጠቅልሎ ከአንድ ብረት ጋር በቀይ የኤሌክትሪክ ቴፕ ታስሯል። ቴፑ ላይ ያለው አቧራና ዘይት እንደ ሸክላ ደርቋል፤ መካኒኩ በጥፍሩ ሲፍቀው እንኳ በጭንቅ ነው የተነሣው። የቅርብ ጊዜ ሥራ አይደለም፣ ዘመን ቆጥሯል አለኝ። ከሥሩ ቀዩ ብቅ ሲል የቴፑ ጫፍ ታየኝ። ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ሌላ ጊዜ የሚፈታው ሰው ጥፍሩን እንዳያስቸግረው።

ልጄ፣ ቤታችን ውስጥ አባትህ የጠገነው ነገር ሁሉ እንዴት እንደሚታሰር አንተ ታውቃለህ። የጃንጥላው እጀታ፣ የካውያው ገመድ፣ አንተ ሰብረኸው ያለቀስክበት ማስመሪያ።

መካኒኩ ማን እንደፈታው ጠየቀኝ። «ባለሙያ ነው» አልኩት።

ከዚያ ካርቶኑ ላይ እንደተቀመጥኩ አሰብኩ። እንደምታውቀው እኔ ነገርን በቅደም ተከተል ካላየሁት አይገባኝም። ስማር፣ አባትህ ከጎኔ ሲረግጥ የኔም ፔዳል ከእግሬ ሥር ይሰምጥ ነበር፤ ያስደነግጠኛል። መኪናዋ ወደ ቤት ከመጣች በኋላ ግን ያ መስመጥ ተሰምቶኝ አያውቅም። ልብ ሳልለው ቀርቼ አይደለም። እግሬ ቀድሞኝ እዚያው ስለሚገኝ ነው የማይሰማኝ ብዬ ነበር። እግሬ ቀድሞኝ እዚያው ስለሚገኝ። ይህን ስንት ዓመት ለራሴ ነግሬ የተናገርኩትን አልሰማሁትም።

ታዲያ ያ ሁሉ «ፍሬን»፣ ያ ሁሉ መርገጥ፣ ያ «የፍሬኑን ሸራ ጨረስሽብኝ» እያለ መነጫነጩስ? ሆስፒታል የወሰድኩት ቀንስ፣ በብርድ ልብሱ ውስጥ? ለምን አልነገርከኝም ብዬ የምጠይቀው ሰው የለም፤ መልሱን ግን አላጣሁትም። ቢነግረኝ ኖሮ በዚያው ቀን ቁልፉን እመልስለት ነበር። ያውቀኛል።

መካኒኩ ገመዱን መልሶ ያያይዘው ወይስ ፔዳሉን ነቅሎ ይጣለው ብሎ ጠየቀኝ። ሁለቱንም እምቢ አልኩ። ሞላውን እንዲቀይር፣ ገመዱን እንደነበረ እንዲያስረው፣ የቴፑንም ጫፍ እንዲያጥፈው ነገርኩት። ፍሬኔን ሞከረልኝ፤ ምንም አልሆነም፣ ድሮም ምንም አልነበረበትም። «ሾፌሩ ማነው?» አለኝ ቁልፉን ሲመልስ። እጄን ዘረጋሁለት።

አክስትህ ዳቦዋን ይዛ መጣች። ተሠርቷል አልኳት እንጂ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ገብታ ፔዳሉን ረገጠችውና ሲመለስ አይታ «አሁን ያዘ» አለች። ከከተማው ወጥተን የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ረገጠች። ሁለተኛውም ላይ። ሦስተኛው ላይ እግርሽ አይደክምሽም ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ምጥ የያዛት ሴት እጄን ጨምቃ ነው የምትወልደው» አለችኝ። «እጄ ምን ይረዳታል? ምንም። ግን አንዷንም ልቀቂኝ ብያት አላውቅም።»

ይህን ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኳት። የሚቀጥለው ኩርባ ላይ ረገጠች፤ እኔም ቀድሜ ረገጥኩ።

ባሕሩን ያየነው ከዚያ በኋላ ነው። መንገዱ አንድ ኮረብታ ይዞርና ድንገት መሬቱ ያልቃል። ሰማያዊ አይደለም ልጄ። ቅርቡ አረንጓዴ ነው፣ ራቅ ሲል ግራጫ፣ ደመና ሲያልፍበት እንደኔ ሰሌዳ ጥቁር ይሆናል። ተማሪዎቼ ያዩት ያ በግማሽ የተቀባ ባሕር ከመጽሐፉ ይልቅ ለእውነቱ ሳይቀርብ አልቀረም። መኪናዋን አቁሜ ጫማዬን አወለቅኩና እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባሁ። ውኃው እግሬ ሥር ያለውን አሸዋ እየሳበ ሲወስድ ፔዳሉ የሚሰምጥበት ያ የድሮው ስሜት መጣብኝ። አልደነገጥኩም። አክስትህ ከዳር ሆና «ራቅ ብለሽ እንዳትገቢ፣ እዚያ የምረግጥልሽ የለኝም» አለችኝ።

አሁን የምጽፍልህ ከጀልባ ሠሪዎች ሠፈር ነው። ጠረጴዛዬ መስኮቱ ሥር ነው፤ ከታች ሰዎቹ የጣውላውን ክፍተት በዘይት በተነከረ ቃጫ እየሞሉ በመዶሻ ያጠብቃሉ። አክስትህን መዶሻ ስጧት ብያቸው ነበር፤ አዩዋትና እምቢ አሉ። ነገ በባሕሩ ዳር ወደ ላይ እንሄዳለን፤ አንድ የድሮ የመርከብ መብራት ማማ አለ አሉን። ከዚያ ሌላ ነገር እንዳለ የሚነግረን ሰው ካገኘን ወደዚያም እንሄዳለን። መቼ ትመለሻለሽ ብለህ አትጠይቀኝ። ስመለስ የመኪናዋን ድምፅ ትሰማለህ።

መኪናዋ አትሸጥም። አንተ ዘንድ ያለውን ትርፍ ቁልፍ ለልብስ ሰፊዋ ስጥልኝ። ዓይኔንና ጉልበቴን በየጊዜው እመረመራለሁ፤ የማልችልበት ቀን ሲመጣም የምነግርህ እኔ ነኝ እንጂ አንተ አይደለህም። የሚችለውን ከማይችለው ለይቶ ማወቅ ዕድሜዬን የሠራሁበት ሥራ ነው፤ ከልጅ የልጅ ነገር አልሰማም።

ከተመለስኩ በኋላ ግን አንድ ቀን አብረን እንውጣ። ከኋላ አይደለም፤ ከጎኔ፣ አባትህ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ። ኩርባው ካስፈራህ ፔዳሉ አለልህ። እንደልብህ ርገጠው፤ አልቆጣህም።

የአባትህ አምላክ መንገድህን ያቅናልህ። ልጆችህ ካንተ የሚሻሉ ይሁኑ፤ ይህ ምርቃት እንጂ ስድብ አይደለም፣ አባትህም አንተን እንዲህ ብሎ ነው የመረቀህ። ወገብህን ሙቅ ነገር አስይዘው።

መጀመሪያ ላይ ሲመጣ እጽፍልሃለሁ ያልኩህ ነገር አሁን መጥቷል።

እናትህ